በፋንድያ ላይ የሚበቅለው የጅብ ጥላ፦ በሌሊት ተመዝዞ በማለዳ ቀለም የሚሆነው እንጉዳይ

አማርኛ የእንስሳትን ፍግ በአንድ ስም ጠቅልሎ አይጠራም። የላምና የበሬው እበት ነው፤ የፈረስ፣ የበቅሎና የአህያው ፋንድያ ነው፤ እበቱ ደርቆ ለማገዶ ሲሆን ደግሞ ኩበት ይባላል። ነገሩን በቅርብ የሚያውቅ፣ ቤቱን የለቀለቀበት፣ እንጀራውን የጋገረበት ሕዝብ ያወጣቸው ስሞች ናቸው። በዝናብ ወራት ማለዳ ከፋንድያው ክምር ላይ ብቅ የሚለውን ባለ ቆብ ነገር ግን አብዛኞቻችን «የጅብ ጥላ» ብለን፣ በእግራችን ገፋ አድርገን አልፈነዋል። የማይበላና የማይረባ ነው ማለታችን ነበር። አለመብላቱን በተመለከተ ጥንቃቄው ትክክል ነው። የማይረባ መሆኑን ግን የዘመኑ ሳይንስ አይቀበለውም፤ ከእነዚህ የጅብ ጥላዎች አንዱ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ውስጥ በብዛት ከሚጠኑት እንጉዳዮች መካከል ይቆጠራልና።

ይህ እንጉዳይ ሳይንሳዊ ስሙ ኮፕሪኖፕሲስ ሲኔሪያ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል ከግሪክኛው «ኮፕሮስ»፣ ማለትም ፍግ ከሚለው የወጣ ነው፤ ሁለተኛው በላቲን አመድማ ማለት ነው። ሲወጣ ነጭ ለስላሳ ቅርፊት የለበሰች ትንሽ እንቁላል ይመስላል። ሌሊት ላይ ዘንጉ በሰዓታት ውስጥ ይመዘዛል፤ ቆቡ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ መልኩም ወደ ግራጫ ያደላል። ረፋድ ላይ የቆቡ ጠርዝ ወደ ላይ ይጠቀለልና ጥቁር ጠብታ እያንጠባጠበ መቅለጥ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ የመጣ ሰው የሚያገኘው የተጎሳቆለ ዘንግና በፋንድያው ላይ የፈሰሰ ጥቁር ቀለም ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ እርሱና ዘመዶቹ በእንግሊዝኛ «ባለ ቀለም ቆብ» በሚል ስም ይታወቃሉ፤ ከዘመዶቹ የተገኘው ፈሳሽም በእርግጥ ለመጻፊያ ያገለገለበት ጊዜ ነበር።

የስሙም ታሪክ ቢሆን ቀላል አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1774 ጀርመናዊው ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ ያኮብ ክርስቲያን ሼፈር በመጽሐፋቸው ሲገልጹት ከተራ እንጉዳዮች ጋር ደምረውት ነበር። ቀጥሎ ቀለም ሆነው የሚቀልጡት ሁሉ «ኮፕሪነስ» በሚል አንድ ወገን ተሰበሰቡ። በ2001 ግን የዲኤንኤ ንጽጽር ይህን ቤተሰብ በተነው። የወገኑ ስም የተመሠረተበት አንዱ ዝርያ፣ ከሌሎቹ ይልቅ በገበያ ለሚሸጠው ነጭ እንጉዳይ የሚቀርብ ሆኖ ተገኘ። እርሱ የቀድሞውን ስም ይዞ ሲሄድ፣ የእኛን እንጉዳይ ጨምሮ ለቀሩት አዲስ ስም ማውጣት አስፈለገ። መቅለጥ እንግዲህ የዝምድና ማስረጃ አይደለም ማለት ነው።

የእንጉዳዩ ሕይወት የሚጀምረው በፈረሱ አፍ ነው። ስፖር የሚባለው ዘር መሰል ብናኝ ጥቁርና ወፍራም ግድግዳ አለው። ከሣር ላይ ተጣብቆ ይቆይና ፈረሱ ሣሩን ሲግጥ አብሮ ይዋጣል። በሆድ ዕቃ ውስጥ ሣሩ ሲፈጭ ስፖሩ ሳይፈጭ ያልፋል፤ ከፋንድያው ጋር በወጣ ጊዜም ራሱን በትኩስ ማዕድ መካከል ያገኛል። ፋንድያ ያልተፈጨ የሣር ጭረት፣ ናይትሮጅንና እርጥበት በአንድነት የያዘ ድግስ ነው። ችግሩ ድግሱ ለሁሉም የተጠራ መሆኑና ፈጥኖ የሚያልቅ መሆኑ ነው። ባክቴሪያው በሚሊዮን ይርመሰመሳል፤ ዐይን የማያያቸው ትላትሎች ይሯሯጣሉ፤ ጢንዚዛው ይቆፍራል፤ ዝንቡ እንቁላሉን ይጥላል፤ ሌሎች ፈንገሶችም አሉ፤ ፀሐይ ደግሞ ከላይ እያደረቀች ነው።

ስፖሩ ሲያቆጠቁጥ የሚወጣው ቆብ ያለው እንጉዳይ ሳይሆን ከፀጉር የቀጠነ ክር ነው። ክሮቹ እየተባዙ በፋንድያው ውስጥ ይሰራጫሉ፤ የእንጉዳዩ እውነተኛ አካል ይህ የክር መረብ ነው። ከላይ የምናየው ባለ ቆብ ነገር ስፖር መበተኛ ብቻ ነው፤ ከዛፍ ጋር ብናመሳስለው ፍሬው ነው። ክሮቹ ጎረቤት ፈንገስ ሲያጋጥማቸውም በዝምታ አያልፉም። በ1970 የታተመ ጥናት፣ የዚሁ ወገን አባል የሆነ አንድ የፍግ እንጉዳይ ክሩ የተቀናቃኙን ክር እንደ ነካ፣ የተነካው ሕዋስ ወዲያው እንደሚሞት አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አጋር መፈለግ አለ። ከአንድ ስፖር የወጣው ክር ሙሉ እንጉዳይ ለማፍራት ከሌላ ክር ጋር መገናኘት ያስፈልገዋል። በእንስሳት ዘንድ ወንድና ሴት የሚባሉ ሁለት ጾታዎች አሉ፤ በዚህ እንጉዳይ ዘንድ ግን የመጣመርን ነገር የሚወስኑት የዘረ መል ቦታዎች በብዙ ዓይነት ስለሚገኙ፣ ተመራማሪዎች «የመጣመሪያ ዓይነት» የሚሉት ነገር ቁጥሩ ከ12,000 በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ለመጣመር የሚያስፈልገው ከራስ የተለየ መሆን ብቻ ነው። ከአንድ እንጉዳይ የወጡ ወንድማማች ስፖሮች ቢገናኙ የመጣመር ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው፤ ከሩቅ የመጡ ባዕዳን ሲገናኙ ግን ዕድሉ ከመቶ ዘጠና በላይ ነው። የቅርብ ዘመድ ጋብቻን የሚያርቅ፣ ለባዕድ ደጁን የሚከፍት ሥርዓት ነው። ሰባት ቤት ለሚቆጥር አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

አሁን ወደ መቅለጡ እንምጣ። ላየው ሰው መበስበስ ይመስላል። እንዳልሆነ በዝርዝር ያስረዱት በካናዳ በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት እንግሊዛዊው አርተር ሄንሪ ሬጂናልድ ቡለር ናቸው። ቡለር ከ1909 ጀምሮ ስለ ፈንገሶች ሰባት ጥራዝ መጻሕፍት ያዘጋጁ ሰው ናቸው፤ የመጨረሻው ከሞቱ በኋላ በ1950 ወጣ። (በነገራችን ላይ በ1923 በአንድ የእንግሊዝ የቀልድ መጽሔት፣ ከብርሃን ስለምትፈጥን አንዲት ወጣት የጻፏት አጭር የአንጻራዊነት ቀልድ ግጥም ከሰባቱ ጥራዝ ይልቅ በሰው አፍ ላይ ቆይታለች።)

የቡለር ማብራሪያ ይህ ነው። የብዙ ባለ ቆብ እንጉዳዮች ቆብ ከሥሩ ቢገለበጥ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ ነገሮች ይታያሉ። ስፖሩ የሚበቅለው በእነዚህ ገጾች ፊት ላይ ነው። በተራው እንጉዳይ ገጾቹ ወደ ታች እየሳሱ የሚሄዱ ሽብልቆች ስለሆኑ በመካከላቸው በቂ ክፍተት አለ፤ ስፖሩ ከየትኛውም ከፍታ ቢለቀቅ ምንም ሳይነካ ወርዶ ነፋስ ያገኛል። የፋንድያው እንጉዳይ ገጾች ግን እጅግ የሳሱና የተጠጋጉ ናቸው። ብዙ ገጽ በትንሽ ቦታ ማለት ብዙ ስፖር በትንሽ ምግብ ማለት ነው፤ ግን ከላይ የተለቀቀው ስፖር በጠባቡ መንገድ ሲወርድ ከጎን ተጣብቆ ሊቀር ነው። እንጉዳዩ ይህን የሚፈታው በተራ ነው። በመጀመሪያ የታችኛው ጠርዝ ስፖር ይበስልና ይለቀቃል፤ ሥራውን የጨረሰው ጠርዝ ወዲያው ይሟሟል፤ ከእርሱ በላይ ያለው ዳር አዲሱ ጠርዝ ሆኖ በነጻ አየር ላይ ይቀራል፤ የእርሱም ስፖር ይበራል፤ እርሱም ይሟሟል። እንዲህ እያለ እስከ ቆቡ አናት ይደርሳል። አብዛኛው ስፖር የሚሄደው በነፋስ ነው፤ ጥቁሩ ፈሳሽ ሥራው ያለቀ መሰላል ነው ቢባል ይቀላል፤ ሠራተኛው ሲወጣ ከሥሩ ያለውን እርከን እየነቀለ።

ማሟሟቱን የሚሠሩት እንጉዳዩ ራሱ የሚያመነጫቸው ኢንዛይሞች ናቸው። የፈንገስ ሕዋስ ግድግዳ ካይቲን ከተባለ ጠንካራ ነገር የተሠራ ነው፤ የፌንጣና የሸርጣን ቅርፊትም ከዚሁ ነው። እንጉዳዩ ካይቲንን የሚበጣጥሱ ኢንዛይሞቹን በተመደበ ሰዓትና በተመደበ ቦታ ይለቃል። ችኮላውም ምክንያት አለው። ፈረስ በፋንድያው ዙሪያ ያለውን ሣር አይግጥም፤ ይሸሸዋል። ስፖሩ እንደገና ወደ ፈረስ አፍ ለመግባት ከዚያ የተጠላ ክበብ ውጭ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ዘንጉ በፍጥነት ይረዝማል፤ ቆቡም ፋንድያው ሳይደርቅ ሥራውን ይጨርሳል። በቤተ ሙከራ ከስፖር እስከ ስፖር ያለው ሙሉ ዑደት ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል።

ሳይንቲስቶችን የሳበው አንዱ ነገር ይህ ፍጥነት ነው። ሌላው ደግሞ በቆቡ ውስጥ ያሉ እጅግ ብዙ ሕዋሳት ለመራባት የሚያደርጉትን ክፍፍል በአንድ ጊዜ፣ እንደ ሠልፈኛ እኩል መራመዳቸው ነው፤ የብርሃንና የጨለማ መፈራረቅ ሰዓታቸውን ይሞላላቸዋል። ክፍፍሉን ማጥናት የፈለገ ሰው በሌላ ፍጡር በጥቂት ሕዋሳት የሚያየውን እዚህ በአንድ ቆብ ውስጥ በብዛት ያገኘዋል። በ2010 ሙሉ የዘረ መል ጽሑፉ ታትሟል፤ ሠላሳ ሰባት ሚሊዮን ያህል ፊደላት በ13 ክሮሞሶሞች ላይ ተጽፈው ተገኝተዋል።

ለእኛ ለተራ ሰዎች የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይህን ያህል ባክቴሪያ በሚርመሰመስበት ክምር ውስጥ አንድ ቀጭን ክር እንዴት ሳይበላ ይኖራል? በስዊዘርላንድ የዙሪክ የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ ይዘው እንጉዳዩን ከተለያዩ ባክቴሪያዎች ጋር አብረው አሳደጉት። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ሞቱ። ገዳዩን ሲፈልጉ ከ57 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ትንሽ ፕሮቲን አገኙና «ኮፕሲን» ብለው ሰየሙት፤ ግኝቱም በ2014 ታተመ። ኮፕሲን የሚያጠቃው ባክቴሪያው ግድግዳውን ሲገነባ የሚጠቀምበትን ጡብ ነው። «ሊፒድ ሁለት» የተባለውን ይህን ጡብ ይዞ አይለቅም፤ ጡብ ያጣ ግንበኛ ግድግዳውን መጨረስ አይችልም፤ ባክቴሪያውም ይሞታል። በምግብ በኩል የሚመጣውን ሊስቴሪያን፣ በሆስፒታሎች የሚያስቸግረውንም ኢንቴሮኮከስ ፌሲየምን ለመግደል መቻሉ ታይቷል። ከሁሉ የሚገርመው ጽናቱ ነው። ፕሮቲን እንደ እንቁላል ነጭ በሙቀት የሚበላሽ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ኮፕሲን በስድስት የሰልፈር ማሠሪያዎች የተቋጠረ በመሆኑ ብርቱ ሙቀትንና አሲድን ይቋቋማል። በፋንድያ ውስጥ ለሚዋጋ መሣሪያ ይህ ባይሆን ይገርም ነበር።

እንጉዳዩ ለትላትሎችም መልስ አለው። ክሮቹን እየወጉ የሚመጡ ጥቃቅን ትላትሎች ሲያጠቁት ለትል መርዝ የሆኑ ፕሮቲኖችን ያመርታል። በ2019 የወጣ የዚያው ተቋም ጥናት፣ ማስጠንቀቂያው ከተጠቃው ክር ተነሥቶ በተወሰኑ ክሮች በኩል ወደ ሌላው የመረቡ ክፍል እንደሚዛመት አሳይቷል። ነርቭ የሌለው ፍጡር መሆኑን አትርሱ።

የመድኃኒቱ ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ቁጥር ይበቃል፦ በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ እንደ ሞቱ ተገምቷል። ሆኖም «በፋንድያ ላይ መድኃኒት ተገኘ» ብሎ መሮጥ ስህተት ነው፤ በማኅበራዊ መገናኛ ይህን መሰል ርዕስ ባየሁ ቁጥር እፈራለሁ። አንድ ነገር በሳህን ላይ ባክቴሪያ መግደሉና በሰው ደም ውስጥ ገብቶ ሰውን ሳይጎዳ መግደሉ እጅግ የተራራቁ ናቸው። ከሌላ እንጉዳይ የተገኘውን ፕሊውሮሙቲሊንን እንመልከት። የታወቀው በ1951 ነው። ከእርሱ የተሠራ የቆዳ ቅባት ለሰው የተፈቀደው በ2007፣ ለሳንባ ምች የሚወሰደው ሌፋሙሊን በአሜሪካ የተፈቀደው ደግሞ በ2019 ነው። ስድሳ ስምንት ዓመት። ኮፕሲን ገና የትናንት ልጅ ነው።

የዚህ እንጉዳይ ሌላ ገጽም አለ፤ ስለ መድኃኒቱ የሚጽፉ ብዙዎች ይዘሉታል። አብዛኞቹ እንጉዳዮች ሙቀት አይወዱም፤ በሰው ሰውነት ሙቀት ማደግ አይችሉም። ይህ ግን በሞቀ ፋንድያ መኖርን የለመደ ነው፤ ክሮቹ በቤተ ሙከራ በደስታ የሚያድጉት በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ያ የእኛ የሰውነት ሙቀት ነው። ለጤነኛ ሰው ይህ ምንም አያመጣም፤ የሰውነታችን መከላከያ የተነፈስነውን ስፖር በቀላሉ ያስወግደዋል። መከላከያው በወደቀበት ሰው ግን ታሪኩ ይለያል። በ1971 ሰው ሠራሽ የልብ በር በገባለት ሕመምተኛ ላይ ልብን ያጠቃ የዚህ ወገን ፈንገስ በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ከዚያ ወዲህም በተለይ የደም ካንሰር ባለባቸውና ነጭ የደም ሕዋሳቸው በሕክምናው ምክንያት እጅግ በቀነሰ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ተገኝቷል። ብርቅ በሽታ ነው፤ ሲይዝ ግን ብዙዎችን ይገድላል።

አስቸጋሪነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሰውነት ውስጥ ቆብ አያወጣም። ሐኪሙ የሚያየው ያለ ጾታ የሚራባውን የክር መልኩን ብቻ ነው፤ ያም መልክ ሆርሞግራፊኤላ አስፐርጊላታ የሚል የራሱ የተለየ ስም ነበረው፤ በአጉሊ መነጽርም ከሌሎች ሻጋታዎች ጋር ይምታታል። ማንነቱ በእርግጠኝነት የሚለየው በዲኤንኤ ምርመራ ነው። ሁለተኛ፣ ለእንዲህ ያሉ ሕመምተኞች በብዛት የሚሰጠው ካስፖፈንጂን የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት እርሱን አይበግረውም፤ መድኃኒቱን እየወሰዱ ሳሉ የታመሙ ሰዎች አሉ። ስለዚህ በቤተሰቡ ውስጥ የኬሞቴራፒ ሕክምና የሚከታተል ወይም የአካል ክፍል ተተክቶለት መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ እንደሆነ፣ ፈረስ ቤት ከማጽዳት፣ ፍግና ብስባሽ ከማገላበጥ ቢርቅ መልካም ነው።

ስለ መብላትም አንድ ቃል። በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ አንባብያን በመስክና በመናፈሻ ቀለም የሚሆኑ እንጉዳዮችን ማየታችሁ አይቀርም፤ ለቅመው የሚበሉ ጎረቤቶችም ይኖሯችኋል። ከዚህ እንጉዳይ የቅርብ ዘመዶች አንዱ፣ ኮፕሪኖፕሲስ አትራመንታሪያ፣ ኮፕሪን የተባለ ነገር አለው። ብቻውን ለበላው ሰው ጉዳቱ አይታይም፤ አልኮል ለጠጣ ሰው ግን ፊት ይቀላል፣ ልብ ይደልቃል፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከተላል፤ ከበሉ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ መጠጣትም እንኳ ሊያመጣው ይችላል። በፎቶግራፍ አመሳስሎ መብላት አይገባም።

በመጨረሻ ነገሩን በዐይኑ ማየት ለሚወድ፣ በተለይም ልጆች ላሏችሁ፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሠራ ቀላል ሙከራ አለ። በዚያው ቀን የወደቀ የፈረስ ፋንድያ በጓንት አንሥታችሁ አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ውስጥ በእርጥብ ወረቀት ላይ አኑሩ፤ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ብርሃን ባለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማትመታው መስኮት ሥር አስቀምጡት። ወረቀቱ እንዳይደርቅ ውኃ ርጩበት፤ ባያችሁት ቁጥር እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ጠል የጠራ ዘንግ ላይ ጥቁር ቆብ የደፉ ጥቃቅን ነገሮች ይወጣሉ። ፒሎቦለስ የተባሉት ናቸው፤ ወደ ብርሃን ተጎንብሰው ጥቁሩን እሽግ እስከ ሁለት ሜትር ይተኩሱታል፤ በመስታወቱ ላይ ከብርሃኑ በኩል ጥቋቁር ነጠብጣብ ታገኛላችሁ። እነርሱ ሲከስሙ እንደ ሳንቲም የጠፈጠፉ ጥቃቅን ፈንገሶች ይከተላሉ። ባለ ቆቡ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው፤ አንድ ማታ ነጭ እንቁላል የመሰለ ነገር ካያችሁ ልጆቹን በማለዳ ቀስቅሷቸው፤ ከቁርስ በኋላ ከሆነ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ወርዷል።